የአውሮፕላን ቅርጫ

ቅርጫ ገብቶ የማያውቅ ካለ አስቀድሜ ልንገረው፤ ኋላ መሐል መንገድ ላይ እንዳያስቆመኝ። ሰፈርተኛው ተሰብስቦ በሬ ይገዛል። በሬው ይታረዳል። ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ መደብ ላይ ከሽንጡም ትንሽ፣ ከጎድኑም ትንሽ፣ ከጉበቱም ትንሽ፣ ከጨጓራውም ትንሽ ይደረጋል። አንዱ መደብ ከሌላው መብለጥ የለበትም። በመጨረሻ ሁሉም የየራሱን ምልክት፣ ጠጠርም ይሁን ቁልፍ፣ ያወጣና ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። የደረሰህን ይዘህ ወደ ቤትህ። ማጉረምረም ይቻላል፤ መቀየር አይቻልም። በሀገራችን ከዚህ የበለጠ ፍትሕ አላየሁም። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በቅርጫ ደንብ ቢሠራ ኖሮ እኔም ጆሃንስበርግ ድረስ መጥቼ የዶሮ እግር ባልሸጥኩ።

እኔ ያየሁት ቅርጫ ግን የበሬ አይደለም። የአውሮፕላን ነው። ሳቁ ግድ የለም፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

ባለቅርጫው አጎቴ ጋሽ ለማ ነው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። በወጣትነቱ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ የማሰልጠኛ አውሮፕላን መካኒክ ነበር። ጦሩ ሲበተን እሱም የብሎን መፍቻ ኪያቤውን በጆንያ ቋጥሮ ወደ ደቡብ ተበተነና ድንበር ለድንበር እየዘለለ እዚህ ደረሰ። ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ ከሚስቱ ከእትዬ ዘነበች ጋር ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። የሚሸጠው ዳቦና ሳሙና ይሁን እንጂ አንገቱ ሁልጊዜ ወደ ሰማይ እንደተቀለበሰ ነው። አውሮፕላን ሲያልፍ ደንበኛውን በቁሙ ትቶ ይወጣና «አንደኛው ሲሊንደሯ ያስላታል» ይላል። እውነት ይሁን ውሸት ማን ያጣራል፤ አብራሪው ወርዶ አይጠይቀን። እንደ ወሬው ከሆነማ አየር ኃይሉ በሙሉ በሱ ካቻቢቴ ላይ ነበር የቆመው።

እኔ የመጣሁት እትዬ ዘነበች ስትታመም ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤቱም እኔን ጨርሶኝ፣ እቤት ተቀምጬ ከግድግዳ ጋር ስፋጠጥ እናቴ «ሂጂና አጎትሽን እርጂ» አለችኝ። አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝና በደስታ መጣሁ። መጥቼ የተቀመጥኩት ከሱቅ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ነው።

እትዬ ዘነበች አረፈች። ጋሼ ከቀብር መልስ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ ሳሙናው የት እንደሚቀመጥ ረሳ። ከዚያ የደንበኞቹን ስም። ከዚያ የኔን። ደህና በዋለ ቀን በእናቴ ስም «አስካለ» ይለኛል፤ ሌላ ቀን «አንቺ ልጅ» ነኝ። የከፋው ግን ዘነበች መሞቷን መርሳቱ ነው። ጠዋት ይነሳና «ዘነበች የት ሄደች?» ይላል። አንድ ጊዜ እውነቱን ነገርኩት፤ እኔ ያለውን ነገር ሳላለዝብ ነው የምናገረው። ገና ያን ሰዓት የሞተች ያህል ደረቱን እየመታ አለቀሰ። ቀኑን ሙሉ ለቅሶ ተቀመጥን። በማግስቱ ጠዋት ተነስቶ «ዘነበች የት ሄደች?» አለኝ። «ገበያ ሄዳለች» አልኩት። ምላሴ መታጠፍ የተማረው ያን ቀን ነው።

ቤት ሲውል እንዲህ ነው። ሃንጋር ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

ከዛንድስፕሩት አለፍ ብሎ አንዲት የግል አውሮፕላን ማረፊያ አለች። ጋሼ ገና ጤነኛ ሳለ የሞተር ድምፅ ተከትሎ ሄዶ ሄዶ አንድ ነጭ ሽማግሌ በር ላይ ቆመ። ኦም ሄኒ ይባላል። ኦም ማለት በነሱ ቋንቋ አጎት ማለት ነው፤ ስለዚህ እኔ በዚያ ሃንጋር ውስጥ ሁለት አጎት ነበረኝ፣ ሁለቱም የማይሰሙ። ያኔ ጋሼ እንግሊዝኛው ቁርጥራጭ፣ ኦም ሄኒ አማርኛው ባዶ፣ ግን በኪያቤ ተግባብተው ለዓመታት አብረው ፈተቱ፣ አጠቡ፣ ወለወሉ። እኔ በመኪና ማድረስና መመለስ የጀመርኩት ብቻውን ሲወጣ መንገድ እየጠፋው ሲመጣ ነው።

ሃንጋሯ ውስጥ ሁለት የድሮ የወታደር ማሰልጠኛ አውሮፕላኖች ነበሩ። መንታ ናቸው፤ ቢጫ፣ ተማሪው ከፊት አስተማሪው ከኋላ የሚቀመጥባቸው። አንደኛዋ ከማርጀት በስተቀር ምንም ያልሆነች፣ ኦም ሄኒ አድሶ ሊያበራት የሚመኛት። ሁለተኛዋ በቆሎ ማሳ ላይ የወደቀች። የወደቀችው የተገዛችው ቅርጽ ለመቅዳት፣ የጎደለ ነገር እያዩ ለማሠራት እንጂ ልትበር አይደለም። ሁለቱም እስከ ብሎናቸው ተፈትተዋል። መሬቱ ላይ ቀይ መስመር ተቀብቷል። ከመስመሩ ወዲህ የምትበረዋ ዕቃ፣ ከመስመሩ ወዲያ የወደቀችው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ከወዲያ ወዲህ ምንም አይሻገርም። ወድቆ የተነሳ ብረት ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላልና።

ኦም ሄኒ በጊዜው በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ምልክት እንለጥፍ ብሎ ነበር አሉ። ጋሼ ተቆጣ። «እናት መንታ ልጆቿን በወረቀት ነው የምትለየው? ሁሉም እዚህ ነው ያለው» ብሎ ግንባሩን ነካ። ይኸውላችሁ፣ ያ ግንባር ነው የከዳን።

የነሱ ፋሲካ ከኛ ቀደም ብሎ በዋለበት ሰሞን ኦም ሄኒ ወደ ባሕር ሊሄድ ተነሳ። ከመሄዱ በፊት ወደ ውጭ ጠራኝ። በዚያው ሳምንት ጋሼ ነጭ ጋዝ በብርጭቆ ቀድቶ «ጠጣ፣ ቀዝቃዛ ነው» ብሎ አቅርቦለት፣ ሰውዬው ከንፈሩ ጋ ካደረሰ በኋላ ነው ሽታው ያዳነው።

«እወደዋለሁ» አለኝ። «አንቺም ታውቂያለሽ። ግን አንድ ነገር ቢደግም ከዚያ ወዲያ አታመጪውም። እዚህ ቤት የተሠራ ስህተት መሬት ላይ አይታይም፤ ሰማይ ላይ ነው የሚታየው።»

«ነጭ ጋዙማ ሳትበርም ሰማይ ያደርስህ ነበር» አልኩት። በእንግሊዝኛ አንተና አንቱ የለም፤ ለኔ ዓይነቷ ትልቅ እረፍት ነው።

አልሳቀም። «ቃል ግቢልኝ፤ ዓይንሽን ከሱ ላይ አታንሺ።»

ቃል ገባሁ። ገባሁ ስል በአፍ ነው።

በሰሙነ ሕማማት ጠዋት ወደ ሃንጋሩ ስንሄድ ከጀርሚስተን ስልክ ተደወለ። የቅርጫ አስተባባሪው ብርሃኑ ነው። እየነዳሁ ስለነበር በላውድ አነሳሁት። «ጋሽ ለማን ላስገባቸው ወይስ ዘንድሮ ይቅር?» አለ። «አስገባቸው እንጂ፣ ምን ይቀራል» አልኩ። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጦ በመስኮቱ ውጪውን ያያል። አልሰማም ብዬ ነው። የሚረሳ ሰው ጆሮው የተደፈነ ይመስለናል።

ሃንጋር አስገባሁት፤ ኪያቤውን አስያዝኩት። ለራሱ እያንጎራጎረ ሥራ ሲጀምር ዘበኛውን ሲፖን «አየት አድርገው፣ ዳቦ ገዝቼ መጣሁ» አልኩና ወጣሁ። ዳቦ ቤቱ አጠገብ ሰው ሠራሽ ጥፍር የሚለጥፉ ሴቶች አሉ። ወረፋ አልነበረም። ከዚህ በላይ አልዘረዝርም፤ ረጅም ነበር፣ ወይን ጠጅ ቀለም ነበር፣ ያምር ነበር።

ስመለስ የሃንጋሩ በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ ትልቁ ሸራ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተነጥፏል። ጋሼ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ካቻቢቴውን እንደ ቢላ ይዞ፣ ተንበርክኳል። ፊቱ ላይ እትዬ ዘነበች ከሞተች ወዲህ ያላየሁት ብርሃን አለ። ሸራው ላይ መደቦች ተሰልፈዋል። በያንዳንዱ ላይ ከቱቦው፣ ከኩሽኔታው፣ ከሞላው፣ ከብሎኑ፣ ከዳዶው እኩል እኩል ተደርጓል። ሲፖ ባርኔጣውን በብብቱ ይዞ፣ መዳፉ ላይ የጠርሙስ ቆርኪና የኮት ቁልፍና ጠጠር ይዞ፣ በተመስጦ ቆሟል።

«ነይ፣ ነይ» አለኝ ጋሼ። «እጅሽን ታጠቢና ጨጓራውን ያዢ።»

«የምኑን ጨጓራ?»

በአገጩ የነዳጅ ማጣሪያውን አሳየኝ።

«ሲሲ፣ ቀስ ብለሽ አውሪ» አለኝ ሲፖ በሹክሹክታ፤ ሲሲ በነሱ እህት ማለት ነው። «ባባ ጸሎት ላይ ናቸው።»

«የምን ጸሎት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። የናንተ ቤተ ክርስቲያን አይደል? ጣል ሲሉኝ እጥላለሁ።»

ጋሼ ወደ መደቦቹ እያመለከተ መጥራት ጀመረ። «ይሄ የደጀኔ። ይሄ የተክሌ። ይሄ የሻምበሉ፤ ሻምበል ነኝ ብሎ ቀድሞ እንዳያነሳ፣ ዕጣ ዕጣ ነው። ይሄ የቀዮ ጥላሁን፤ እሱ መቼም አነሰኝ ማለቱ አይቀርም፣ አንድ ኩሽኔታ ጣል አድርጉለት።» የደብረ ዘይት ባልደረቦቹ ናቸው። አንዱንም አላውቅም፤ በሕይወት መኖር አለመኖራቸውንም የሚያውቅ የለም።

ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ኋላ የሸራውን ጠርዝ በእግሬ ገለጥ ሳደርግ ቀዩ መስመር ከሥር ታየኝ። ሳቄ እዚያው ቀረ። ጋሼ ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም ሰብስቦ፣ ሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ አርዶ፣ በፍትሕ አከፋፍሏቸዋል። ያልተፈታ የቀረውን ሳይቀር ፈትቶ ነው፤ እንዳይበላለጥ።

ኦም ሄኒ ከመመለሱ በፊት እያንዳንዱ ዕቃ ወደየአውሮፕላኑ መግባት ነበረበት። ካልገባ ጋሼ ከሃንጋር ይወጣል። ከሃንጋር ከወጣ የሚቀረው ቤት ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ያለው «ዘነበች የት ሄደች» ብቻ ነው።

በቀለም ልለይ ብዬ ጀመርኩ። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፣ ግን ከሥራቸው ሌላ ቀለም ይኖር ይሆናል ብዬ በአዲሱ ጥፍሬ ፋቅኩ። ከወይን ጠጁ ሥር የኔ ጥፍር ወጣ፤ ከቢጫው ሥር ሌላ ቢጫ። ለጥቄ በአፈር ሞከርኩ። የወደቀችው ማሳ ላይ ነው የወደቀችው፣ ስንጥቅ ውስጥ ቀይ አፈር ይኖራታል አልኩ። በክብሪት እንጨት ስጎረጉር ዋልኩ። ቀይ አፈር ከሁሉም ወጣ። ከሲፖ ጫማም ወጣ። ከጆሮዬም ወጣ። ጆሃንስበርግ ውስጥ በቀይ አፈር ነገር መለየት፣ ባሕር ውስጥ እርጥብ የሆነውን ዓሣ አምጡ እንደማለት ነው። ከኢንተርኔት የዚህችን አውሮፕላን ዕቃዎች የሚያስረዳ ሰውዬ አገኘሁ። ዕቃውን እያሳየ ይናገራል፣ ይናገራል፤ በመጨረሻ «ሁለቱ ፈጽሞ አንድ ዓይነት ናቸው» ብሎ ፈገግ አለ። ስልኬን ልወረውረው ነበር።

ከጥፋቱ ባለቤት ሌላ የምጠይቀው አጣሁ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ዘንግ አቀበልኩት።

«ጋሼ፣ ይሄ የቷ ነው? የምትበረዋ ወይስ የወደቀችው?»

መዘነው። አገላበጠው። «ታላቅ ሥጋ ነው። ለጥብስ ይሆናል።»

«ይሄስ?»

«ጎድን። ቀዮ ጥላሁን ይወዳል።»

«ይሄኛውስ?» አንድ የተጠማዘዘ የዘይት ቱቦ ነው።

አሸተተና ፊቱን አጨፈገገ። «ይሄ በደንብ አልታጠበም።»

ሲፖ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ሰልችቶኝ ቱቦውን ስወረውር ከኩሽኔታው ጋር ተጋጨና ጮኸ። ጋሼ አንገቱ ቀና አለ። አውሮፕላን ሲሰማ ቀና እንደሚለው። ኪያቤውን አነሳና ከፊቱ ያለውን ብረት ቀስ አድርጎ መታው። ሸክላ የሚገዛ ሰው እንስራውን በጣቱ መትቶ ተሰንጥቆ እንደሆነ እንደሚያዳምጠው ነው። ብረቱ እንደ ቃጭል ጮኸ።

«ይቺ ደህና ናት» አለ።

ቀጣዩን መታ። ዱብ አለ፣ እንደ እርጥብ እንጨት።

«ይቺ ሞታለች።»

እኔና ሲፖ ተያየን። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ እሱ ይመታል፣ እኔ አቀብላለሁ፣ ሲፖ ወደየመስመሩ ይወስዳል። «ደህና ናት።» «ሞታለች።» «ደህና ናት።» ደስ ብሎኝ ዳቦ መግዛቱን እንኳ ረሳሁት። ግን እኩለ ቀን ሲሆን ደከመው። ሲደክመው ሁሉም ይሞትበታል። ኩሽኔታው ሞተ። ሞላው ሞተ። የሲፖን የእጅ ባትሪ መትቶ «ሞታለች» አለ። ስልኬን መትቶ «ይቺማ ከሞተች ቆይታለች» አለ፤ በዚህ እንኳ ብዙ አልተሳሳተም። በመጨረሻ ኪያቤውን አስቀመጠና በቀስታ ጠየቀኝ።

«ዘነበች የት ሄደች?»

«ገበያ ሄዳለች፣ ጋሼ።»

«ቆየች እኮ።»

«ወረፋ ይዟት ነው።»

ሲፖ ቋንቋውን አያውቅም። ግን ፊቱን አዙሮ ባርኔጣውን አደረገ።

እንዲህ እንዲህ እያልን፣ ጠዋት የተባለውን ብቻ እየያዝን፣ የከሰዓቱን እየሰረዝን ቀጠልን። ድምፅ የማያወጣውን ጎማና ቱቦ ደግሞ እርስ በርሱ እየገጠምን፣ ለዘመናት አብሮ የኖረ ነገር የሚተወው ጠባሳ አለና፣ በጠባሳው ለየን። ጥፍሬ አለቀ። ከአንድ ጣቴ በስተቀር ሁሉም ተነቀለ። ቀስ በቀስ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉት ክምሮች ወደ ድሮ መልካቸው ተመለሱ። ግን አንድ መደብ ጎደለ። የመሪው ዘንግ እጀታ የለም፤ ኦም ሄኒ ጠዋት ሲገባ እንደ ሰው እጅ ጨብጦ ሰላም የሚላት። የሃንጋሩን ጣራ ሳይቀር ፈለግን።

የኛ ፋሲካ ደረሰ። ብርሃኑ ከጀርሚስተን እውነተኛውን ሥጋ በላስቲክ አምጥቶ ሱቅ አደረሰልን። «ጋሽ ለማ፣ ድርሻዎት» አለ።

ጋሼ በኩራት እጁን አወዛወዘ። «ወስጃለሁ። ሰው ሁለት ጊዜ አይካፈልም።»

ብርሃኑ ሳቀ። እኔም ሥጋውን ልክተት ብዬ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። የዶሮ እግሩን ገለል ሳደርግ እጄ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ነካ። ፈታሁት። እጀታዋ በረዶ ለብሳ ተኝታለች። አጠገቧ ፔዳል፣ ሁለት የመለኪያ ሰዓት፣ ከሥር ደግሞ አንድ መዳፍ የምታክል የጭራ ማጠፊያ። ፍርግርጉ ላይ የዶሮ እግር ልትገዛ የቆመችው ጎረቤታችን ማማ ኖምሳ ፊቷን ብረቱ ላይ ለጥፋ አየች።

«ሃይቦ፣ ሲሲ፣ ያ የምን አጥንት ነው?»

«የአውሮፕላን።»

አሰበችበት። «ብዙ ይቀቀላል?»

ጋሼ ከኋላዬ መጥቶ በጋዜጣው መልሶ ይጠቀልላት ጀመር። «ተይው፣ አትንኪው። ለዘነበች ነው ያስቀመጥኩት። ከገበያ ስትመጣ ትሠራዋለች።»

ዓመት በዓል ነው። ሰው ይገባል ይወጣል። እኔ ከማቀዝቀዣው ፊት ለፊት ቆሜ፣ ብርዱ ፊቴ ላይ እየመጣ፣ በራሴ ውሸት የተጠቀለለች ማጠፊያ ይዣለሁ።

እጀታዋና ፔዳሉ በቀላሉ ቦታቸውን አገኙ። ማጠፊያዋ ግን አስቸገረች። ሃንጋር ውስጥ መንታዋ አለች፤ አንዷ የምትበረዋ፣ አንዷ የወደቀችው። ቀለማቸው አንድ፣ መጠናቸው አንድ፣ ጠባሳቸው አንድ። ጋሼን ጠዋት ጠየቅኩት፤ ግራዋን መትቶ «ደህና»፣ ቀኟን መትቶ «ሞታለች» አለ። ለማረጋገጥ ቦታ ቀይሬ ደግሜ ሰጠሁት። አሁንም ግራዋን «ደህና»፣ ቀኟን «ሞታለች» አለ። ሳይደክመው ነው እንግዲህ። ጠዋት ነው።

«ሲሲ፣ አንዷን አስቀምጪና ጨርሺ» አለኝ ሲፖ። «ማን ያውቃል? ባባ እዚህ ሲውሉ ደህና ናቸው፤ ሥራቸው ላይ ይቆዩ።»

ማንም አያውቅም ነበር። ማጠፊያዋ መዳፍ ታክላለች፤ የምትይዘው ግን ጭራውን ነው፤ ጭራው ደግሞ አውሮፕላኗን፣ አውሮፕላኗም ኦም ሄኒን። ኦም ሄኒ ስልሳ ምናምን ዓመቱ ነው፤ የልጅ ልጆች አሉት፤ ቁጭ ብሎ ሩስክ የሚሉትን ደረቅ ብስኩት በሻይ እየነከረ የሚበላ ሰው ነው። ለጋሼ ስል ዘነበችን በየቀኑ ገበያ እልካታለሁ። ያ ውሸት ከኛ ቤት አይወጣም። ይሄኛው ክንፍ አለው።

ኦም ሄኒ ፀሐይ መትቶት ቲማቲም መስሎ ተመለሰ። እጀታዋን ጨብጦ ሰላም አለና «ለምንድነው የምትቀዘቅዘው?» አለ። ሁሉንም ነገርኩት። ቅርጫውን፣ ሸራውን፣ ጥፍሬን፣ ማቀዝቀዣውን። ማጠፊያዎቹን ሁለቱንም መዳፉ ላይ አስቀመጥኩ።

«የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም። ብዙዎቹን አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹን እርግጠኛ አይደለሁም። እነሱን ለይቼ አስቀምጫለሁ።»

ጋሼ ጥግ ላይ አንድ ብሎን በጨርቅ እየወለወለ ያንጎራጉራል። ኦም ሄኒ እሱን አየ፣ ማጠፊያዎቹን አየ።

«እነዚህን አዲስ አሠራለሁ» አለ። «የተጠራጠርሽባቸውን ሁሉ። ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ።» ከዚያ እኔን ሳያይ «ከነገ ጀምሮ አታምጪው» አለ።

«እውነቱን ስለነገርኩህ ነው የምትቀጣው?»

«እሱን እየቀጣሁ አይደለም።»

«ታዲያ ማንን ነው? ቤት ወስጄ ምን ላድርገው? ግድግዳ ላስጠብቀው? ያንተ ቆርቆሮ ትበራለች፣ የኔ አጎት ይሞታል፤ ቅርጫው እንዲህ ነው የተከፈለው?»

ሌላም ብዙ አልኩ። ሲፖ መሐል ገብቶ እጄን ያዘኝ። ኦም ሄኒ የተጠራጠርኩባቸውን ዕቃዎች፣ ማጠፊያዎቹንም ጨምሮ፣ በእንጨት ሳጥን ውስጥ አንድ በአንድ ከተተ። ሳጥኑን ተሸክሞ ወጣና መኪናዬ ውስጥ አስቀመጠው። የጋሼን ኪያቤ ከላይ አደረገበት። ጋሼን ሲሰናበተው እጁን ለረጅም ጊዜ ያዘው። ጋሼ በአማርኛ «አንተ ደግሞ የየትኛው ክፍል ነህ?» አለው። ኦም ሄኒ ምን እንዳለው ሳይገባው «አዎ፣ ለማ፣ አዎ» አለ።

አሁን ሳጥኑ ሱቁ ጓሮ ነው። ጠዋት የዳቦ ሰው ጋብ ሲል ሸራ አነጥፍለታለሁ። ጋሼ እጅጌውን ይሰበስብና ይከፍላል። እኔ ደጀኔም ተክሌም ሻምበሉም ነኝ፤ ስሙ ሲጠራ ድምፄን አወፍሬ «አቤት» እላለሁ። ቀዮ ጥላሁን ስሆን «አነሰኝ» እላለሁ፤ ይሰድበኛል። ዕጣ የምትጥለው ማማ ኖምሳ ናት። ከሰዎቹ አንዱንም አታውቅም፤ ከሷ የተሻለ ገለልተኛ የለም። አንዳንድ ቀን «ዘነበች የት ሄደች?» ሳይል ይውላል። አንዳንድ ቀን ይላል።

በቀደም መደቦቹን ከፍሎ ሲጨርስ አንድ ትርፍ መደብ አየሁ። ማንም አልተጠራበትም።

«ይሄስ የማነው?» አልኩት።

«የዚያች ልጅ።»

«የየትኛዋ?»

«ዳቦ የምታመጣው። ምላሷ አይጣል ነው፣ ግን ድርሻዋን ስጧት።» መዳፉን ዘረጋ። «ምልክት አምጪላት።»

ኪሴን ዳሰስኩ፤ ምንም የለም። ያቺ ሳትነቀል የቀረች አንድ ጥፍር ነበረች፤ እሷን ነቀልኩና ሰጠሁት። ማማ ኖምሳ ከሌሎቹ ጋር አደባልቃ ጣለች። የደረሰኝ አንድ የተጣመመ ቱቦ፣ ጥቂት ዳዶና አንዷ ማጠፊያ ነው። ደህናዋ ትሁን የሞተችዋ አላውቅም።

«ደረሰሽ?» አለኝ።

«ደረሰኝ፣ ጋሼ።»

ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ መደቦቹን ሁሉ ወደ ሳጥኑ እመልሳለሁ። በሁለት እጄ አማስላቸዋለሁ፣ ደህና አድርጌ፤ ነገ የሚለየው እንዳያጣ። ያን ቀን የኔንም ድርሻ ጨመርኩ። ነገ ይድረሰኝ አይድረሰኝ በዕጣ ነው።